የጓዳው ጨው

ቢቸና፣ ሐምሌ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.
(ተጽፎ ያልተላከ፤ በዳዊት መጽሐፍ መሐል የተቀመጠ)

«የሞጣው ሳኒታሪያን ግድግዳ ዳብሶ የቤቱን ሰው ቁጥር ይናገራል።»

ልጄ ቢሆነኝ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር በለኝ። ይህን ያለው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የሞጣ በሬ ነጋዴ ነው። ለጓደኛው ነው የነገረው፤ እኔ አጠገባቸው የጎመን ዘር እመርጥ ነበር። ጓደኛው አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ዘሩን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

የሞጣው ሳኒታሪያን፣ የቤት ጽዳት ተቆጣጣሪው፣ አንተ እንደሆንህ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አያትህና እናቴ የእኅትማማች ልጆች ናቸው፤ ያንተ ወሬ እኔ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። ምሥራቅ ጀርመን ስድስት ወር ሄዶ የሻጋታ ምርመራ ተምሮ መጣ ሲባል ዘመድ ሁሉ «ለሻጋታ እዚያ ድረስ? እኛ ቤት ሞልቶ!» ብሎ ነበር። እኔም ብያለሁ።

አሁን እውነቱን ልጻፍልህ። ልጄ ባዘዘው ወለጋ ቡና ለቀማ አልሄደም። እዚሁ ቤት ነው ያለው። በግንቦት ወር የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ለቀበሌያችን ሲመጣ፣ ጓዳው ውስጥ ከኋለኛው ግድግዳ ሁለት ክንድ ርቆ ሌላ ግድግዳ በገዛ እጁ ሠራ። ጭድና ጭቃ አቡክቶ፣ ለስኖ፣ እንደ ድሮው አስመስሎ። መግቢያው ከጎተራው ኋላ ነው፤ ተንበርክኮ ነው የሚገባው። ባለፉት ዙሮች ከኛ ሰፈር የሄዱት ዐሥራ አንድ ናቸው። ደብዳቤ የመጣው ከሁለቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ የጻፈው ካልሲ ላኩልኝ ብሎ ነው።

ያ ግድግዳ ሻገተ። በሰኔ የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ነበር፤ ዛሬ ሰፌድ አክሏል። አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር። ባዘዘው ደግሞ ያስላል። እሱ ማሳል ሲጀምር እኔ ሙቀጫ እይዛለሁ። ጎረቤቴ ባንቺዓለም ትናንት «እትዬ ፈንታነሽ፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል በርበሬ?» አለችኝ። ቅመም እወዳለሁ አልኋት።

ሐኪም ቤት ልወስደው አልችልም። አንተን ልጠይቅህ ተነሣሁና ነጋዴው ያለውን ሰማሁ። ደብዳቤ በመንገድ ላይ ይከፈታል ይባላል። ስለዚህ ይህን አልልክልህም። ሌላ እጽፋለሁ።


ቢቸና፣ ሐምሌ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቶ ቢሆነኝ አካለ ወልድ
ሞጣ

ዝናቡ ሳያስቸግርህ፣ ጭቃው ሳይጥልህ፣ አለቃህ ሳይከፋብህ ክረምቱን እንድታልፍ ጊዮርጊስን እለምንልሃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባዘዘው ወለጋ ቡና ለቀማ ሄዷል፤ ደህና ነኝ ይላል።

ላስቸግርህ የተነሣሁት ስለ ጓዳዬ ግድግዳ ነው። የነፍስ ኄር ባለቤቴ የመሪጌታ ገብረ ኪዳን መጻሕፍት ያሉት እዚያ ነው። ግድግዳው ሻገተ። በአመድ ጠረግሁት፣ በሎሚ አሸሁት፤ ሦስት ቀን ይጠፋል፣ በአራተኛው ይመለሳል። መድኃኒት ካለው ስሙን በደብዳቤ ብትጽፍልኝ ይበቃኛል። መምጣት አያስፈልግህም፤ መንገዱ ክፉ ነው።

ደግሞ ገበያ ላይ፣ ግድግዳ ዳብሰህ የሰው ቁጥር ትናገራለህ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው እንዴ?

እናትህ ፈንታነሽ


ሞጣ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ ፈንታነሽ

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ግን አልቀደመም፤ ከቢቸና ሞጣ ለመምጣት ዐሥራ አምስት ቀን ፈጅቷል። በእግሩ ቢመጣ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ራት አብረን እንበላ ነበር።

ነጋዴው ያለው ቀልድ ነው። አምና አንድ አልቤርጎ ገብቼ «በዚህ ክፍል አራት ሰው ያድራል» ብዬ ጻፍሁ፤ ባለቤቱ ሁለት ነው ብሎ ምሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነቢይ ሆኛለሁ። ግድግዳ ዳብሼ አይደለም፤ አራት ጥንድ ጫማ አይቼ ነው። አይስጉ።

ስለ ሻጋታው በመጠየቅዎ ግን ደስ ብሎኛል። ከተመለስሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሻጋታ መርምርልኝ ብላ የጻፈችልኝ የመጀመሪያዋ የቤት ባለቤት እርስዎ ነዎት። እኔ በተማርሁበት ከተማ ሰው ቤቱ ሲሻግት እንደ ሐኪም መርማሪ ያስጠራል። መርማሪው ቦርሳውን ይዞ ይመጣል፣ ሰዎቹም ወንበር ያቀርቡለታል። እዚህ እኔን የሚጠሩኝ የሞተ ውሻ ሲገኝ ነው።

እነዚህን ይመልሱልኝ። ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? እሳት ከቤት ውስጥ ይነዳል ወይስ በውጭ? ጓዳው መስኮት አለው? እዚያ የሚተኛ ሰው አለ? ከፍልሰታ በኋላ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ።

ባዘዘውን በተመለከተ፣ ወለጋ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት በኋላ ነው። በሐምሌ ምን እየለቀመ እንደሆነ ከጻፈልዎ ይንገሩኝ፤ ግብርና መሥሪያ ቤት ላሉ ጓደኞቼ አዲስ ነገር ነው።

አክባሪዎ ቢሆነኝ


ቢቸና፣ ነሐሴ 17 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢሆነኝ

ጾሙን ያስፈታን አምላክ ጤናህንም ያቆይልህ። ባዘዘው ለካስ ሁመራ ነው። ሰሊጥ አረም ነው የሄደው። እኔ ነኝ ያሳሳትሁህ፤ ለእኔ ከዓባይ ማዶ ያለው ሁሉ ወለጋ ነው። ሰሊጥ በነሐሴ ይታረማል አይደል? ካልታረመ ጻፍልኝ።

ለጥያቄህ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መሪጌታ ከማረፋቸው በፊት ባለው ዓመት ሣሩን አስነሥተው አስመቱት፤ ጭሱ መጻሕፍቱን ያጠቁራል ብለው እሳቱንም ወደ ማድቤት አስወጡት። አሁን መጻሕፍቱ አልጠቆሩም፣ አረንጓዴ ሆኑ እንጂ። ጓዳው መስኮት የለውም። እዚያ የሚተኛ የለም፤ እኔ ሳሎን ነው የምተኛ።

እንዳትመጣ። የወንዙ መሻገሪያ ተበላሽቷል፤ ደግሞ ዘመድ ሲመጣ ማሰናዳት አለብኝ፣ ጤናዬ አይፈቅድም። በደብዳቤ ማስተማር ከቻልህ እኔው እመረምረዋለሁ። ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ቅኔ ስሰማ ያደግሁ ነኝ፤ ሻጋታ ከዚያ አይከብድም።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እንዲህ ያለ ሻጋታ ለደረት ክፉ ነው? ለእኔ ብዬ ነው።

ፈንታነሽ


ሞጣ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ ፈንታነሽ

አዲሱ ዓመት በደረቅ ግድግዳ ይግባልዎ። ሰሊጥ በነሐሴ ይታረማል፤ ባዘዘው በዚህ በኩል ትክክል ነው።

አትምጣ ካሉ አልመጣም። በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ አንድ ሣጥን ልኬያለሁ። ሦስት ቆርቆሮ ጨውና አንድ የመስታወት ሳህን አሉበት። እያንዳንዱ ጨው መቶ ግራም ነው፤ በምድጃ ላይ አድርቄ በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን መዘንሁት። ክዳናቸውን ከፍተው አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ማድቤት፣ አንዱን ከሻገተው ግድግዳ ሥር ለስምንት ቀን ያስቀምጡ። ከዚያ ከድነው በሰም ያሽጉ። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ስንት እንደጠጣ ሚዛኑ ይነግረኛል። ሳህኑ ላይ ያለው እንደ ገንፎ የረጋ ነገር የድንች መረቅ ነው። ጓዳው ውስጥ አንድ ሰዓት ከፍተው ይዝጉት፤ የሻጋታው ዘር እዚያ ላይ ይበቅላል።

እባክዎ ወጥ አያጣፍጡበት። መራቤቴ ለልምምድ የላክሁት ቆርቆሮ ጨዉ ተበልቶ ባዶውን ነው የተመለሰው።

ስለ ደረት የጠየቁኝ፣ አዎ፣ ክፉ ነው። በተለይ መስኮት በሌለበት ጠባብ ቦታ ቀንም ሌትም ለሚውል ሰው። እርስዎ ሳሎን ስለሆኑ ምንም አይደለም።

አክባሪዎ ቢሆነኝ


ቢቸና፣ መስከረም 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢሆነኝ

መስቀሉ የብርሃን ይሁንልህ። ሣጥንህ ያልህን ሁሉ ይዞ ደርሷል፤ ይኸው መልሼ ልኬዋለሁ። የሳሎኑ ጨው ያው ጨው ነው። የማድቤቱም እንዲሁ። የጓዳው ግን በስምንተኛው ቀን ወጥ ሆኖ አገኘሁት። እጄን አላስገባሁበትም፤ አልቀመስሁትም። ሳህኑ ላይ የበቀለውን ቢያዩት መሪጌታ ይገርማቸው ነበር፤ ሰው የብራና ሐረግ አሳምሮ የሣለው ይመስላል።

ባለፈው ማክሰኞ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ነበር። ኮታው አልሞላም። ጠላ ቀዳሁላቸው። ባዘዘው የት ነው አሉ፤ ሁመራ አልሁ፤ ጻፉት። አንዱ ቤቱን አያለሁ ብሎ ጓዳ ገባና ግድግዳውን ተደገፈ። ሲነሣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ሆኗል።

«እትዬ፣ ግድግዳዎ እኮ ሣር አበቀለ!» አለኝ።

«እንግዲያው እጨደው፤ እኔ ማጭድ የለኝም» አልሁት።

ሳቁ። እኔም ጀርባውን አራገፍሁለት፤ እንደ ልጅ ዞሮ ቆመልኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጓዳው ጸጥ ያለ ነበር። እንዴት ጸጥ እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንድ ግንበኛ ኖራ ከተቀባ ይጠፋል አለኝ። ኖራ ቀበሌው ሱቅ አለ፤ ግን ከጤና መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላመጡ አንሸጥም አሉኝ። ያን ወረቀት ብትጽፍልኝ። ማኅተሙ ደህና ይታይ።

ፈንታነሽ


ቢቸና፣ ጥቅምት 2 ቀን 1981 ዓ.ም.
(በእማሆይ ወለተ ሐና እጅ)

ልጄ ቢሆነኝ

ይህን የሚያመጡልህ እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። በእግራቸው ነው፤ ጉንደ ወይን እኅታቸው ዘንድ ያርፋሉ፣ በየደብሩም ሳይሳለሙ አያልፉም። ይዘገያሉ። ነገር ግን የመነኩሲት ስልቻ የሚፈትሽ የለም።

ባዘዘው ሁመራ አይደለም። ወለጋም አይደለም። ከሻገተው ግድግዳ ኋላ ነው ያለው። አምስተኛ ወሩ ነው። በሐምሌ ይህንኑ ጽፌልህ ሳልልከው ቀረሁ፤ ያ የነጋዴ ወሬ አስፈራኝ። አንተ በጫማ ነው ብለህ ከጻፍህልኝ ወዲህ ፍርሃቴ ቀለለኝ። ያኔውኑ መላክ ነበረብኝ።

ትናንት ያሳለበትን ጨርቅ ሳጥብ ደም አየሁ። ጥቂት ነው። እሱ የበላሁት ቀይ ሥር ነው ይለኛል፤ ቀይ ሥር አልሰጠሁትም። ቆዳው እንደ ዱቄት ነጥቷል። ክንዱን ስይዘው የመሪጌታ መቋሚያ የያዝሁ ይመስለኛል።

አሁን ና። ግድግዳ መርማሪ ነህ፤ ቦርሳህን ይዘህ በጠራራ ፀሐይ በበሬ ብትገባ የሚጠይቅህ የለም። የሳል መድኃኒት፣ የምታውቀውን ሁሉ፣ ይዘህ ና። ኖራውን ተወው። ወረቀትም አትጻፍ። ምንም አትጻፍ፤ ዝም ብለህ ና።

እናትህ ፈንታነሽ


ቁጥር አጤ/114/81
ጥቅምት 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ፈንታነሽ ባሉበት
ቢቸና

ጉዳዩ፦ የሻጋታ ምርመራ ውጤትን ይመለከታል

በመስከረም 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በተጻፈ ማመልከቻ በመኖሪያ ቤትዎ ጓዳ ግድግዳ ላይ ስለበቀለው ሻጋታ ምርመራ እንዲደረግ በጠየቁት መሠረት የተገኘው ውጤት ከዚህ በታች ተገልጿል።

የጨው ክብደት ሲላክ፦ በእያንዳንዱ ቆርቆሮ 100 ግራም።
ሲመለስ፦ ሳሎን 104፤ ማድቤት 101፤ ጓዳ 139 ግራም።
የእርጥበቱ ምንጭ፦ ጣሪያው አያፈስም፣ መሠረቱ ደረቅ ነው። ምንጩ ትንፋሽ ነው።
በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት፦ በባለቤቷ ቃል 1፤ በእርጥበቱ ልክ 2።

ስለዚህ ግድግዳው ኖራ እንዲቀባና ለጓዳው መስኮት እንዲከፈትለት እያሳሰብን፣ ለዚሁ ሥራ የሚውል ሁለት ጆንያ ኖራ እንዲሸጥላቸው እንጠይቃለን።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
ቢሆነኝ አካለ ወልድ
የአካባቢ ጤና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለመዝገብ ቤት


ሞጣ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1981 ዓ.ም.
(ከላይኛው ጋር በአንድ ፖስታ)

ለተወደዱ እትዬ ፈንታነሽ

ይኸውልዎ ወረቀቱ። ጸሐፊያችን ይርጋነሽ ሦስት ጊዜ መታችው፤ ማኅተሙን እኔ ራሴ ነኝ የረገጥሁት። ከሩቅ ይታያል።

ቅጹ ላይ «2» የሚለውን ሲያዩ እንዳይቆጡኝ። ኮርስ ያስተማሩን አሮጊት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እዚህ ስንት ሰው ይተነፍሳል?» ብለው ነበር። ባለቤቱ ቁጥሩን ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ጨው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፋሉ። አንድ የተከደነ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው በስምንት ቀን ለጨው የሚሰጠው ውኃ ይታወቃል። የእርስዎ ጓዳ ልክ የአንድ ሰው ነው፤ ግራም እንኳ አልተሳሳተም። የበሬ ነጋዴው እውነቱን ነበር ማለት ነው፤ እሱም እኔም ሳናውቅ።

ሰው እንደሌለ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ጥጃ ነው ብዬ ወስኛለሁ። ለብርድ ብለው ጥጃ ጓዳ አስገብተዋል፣ ለእኔ መናገር አፍረዋል። አይፈሩ። ጥሩ ጥጃ ነው፤ ትንፋሹ ጠንካራ ነው። ብቻ ያውጡት።

ኖራው እንዳይዘገይብዎ የቀበሌውን ግልባጭ በፖስታ አልሰጠሁም። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ነገ ወደ ደጀን ይወርዳል፤ በሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ። ከነገ ወዲያ በእጃቸው ነው።

አክባሪዎ ቢሆነኝ


ሞጣ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

እትዬ

እማሆይ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ደረሱ። እግራቸውን ሳላስታጥብ ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብሁት።

ቴሌ ሄድሁ። ቢቸና አገናኙኝ አልሁ። «ለሚፈልጉት ቤት የሚቀርበው ስልክ የቱ ነው?» አለችኝ ልጅቱ። ስትፈልግ ቆይታ «ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አለ፤ ላገናኝዎ?» አለችኝ። ተዪው አልኋት።

ቢሮ ተመልሼ ማረሚያ ጻፍሁ። «በቁጥር አጤ/114/81 በተጻፈው ደብዳቤ ላይ 2 የተባለው 1 ተብሎ እንዲታረም፤ ሁለተኛው ትንፋሽ የጥጃ መሆኑ በድጋሚ ምርመራ ተረጋግጧል።» ይርጋነሽ ሦስት ጊዜ መታችው። ማኅተም አደረግሁበት። በመንግሥት ማኅተም ውሸት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ አሥራ ሦስት ቀን ዘግይቻለሁ።

መድኃኒት ይዣለሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ይህ ደብዳቤ ከእኔ ከቀደመ ባዘዘውን ከዚያ ያውጡት፣ የትም ይሁን። ስለ እኔ የሚሉትን ስመጣ ይሉኛል።

ቢሆነኝ


ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለአቶ ቢሆነኝ አካለ ወልድ

ጤና ይስጥህ። ጥቅምት 20 ቀን በሬን ስትመታ ሰምቼሃለሁ። ድምፅህን ለየሁት። ተነሥቼ ነበር፤ እጄ መወርወሪያው ላይ ቀረ። ደጃፉ ላይ ትተኸው የሄድኸውን መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ዝናብ ሊነካው ነበር።

የሆነውን ልጽፍልህ ይገባኛል። ጥቅምት 9 ቀን ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነው መጡ። ግልባጩ በሊቀ መንበሩ እጅ ነው። ያንተ ደብዳቤ ለእኔ የደረሰው በማግሥቱ ነው።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ወረቀቱ ሁለት ይላል» አለኝ።

«ወረቀት ይሳሳታል።»

«ይኸ ማኅተም አለው።»

«እንግዲያው ማኅተሙ ይሳሳት።»

«ከጨው ጋር ነው ያመሳከሩት፤ ግራሙም ተጽፏል» አለ። እውነትም ተጽፏል።

ያ ሸሚዙን ያራገፍሁለት ልጅ ጓዳ ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ባዘዘው አሳለ። እኔ ሙቀጫው ዘንድ ሄጄ ዘነዘናውን ያዝሁ፤ ግን የምወቅጠው ነገር አልነበረም፣ በርበሬው ካለቀ ቆይቷል። አንዱ ዶማ አምጡ አለ። ያኔ ባዘዘው ከጎተራው ኋላ ተንበርክኮ ወጣ።

«አታፍርሱባት። ጭቃ የሚያቦካላት የለም» አላቸው።

ዓይኑን መግለጥ አልቻለም፤ በሩ ክፍት ነበርና ፀሐዩ በቀጥታ መታው። ሳቁበት ልልህ እፈልግ ነበር፤ አልሳቁም። ያ ልጅ ሹራቡን አውልቆ አለበሰው። ሊቀ መንበሩ «ይኸ ልጅ ታሟል እኮ» አለ። «እንግዲያው ተውልኝ» አልሁት። «ከእኛ አይደለም፤ ማሠልጠኛው ሐኪም አለው፣ እነሱ ከመለሱት ይመለሳል» አለኝ። ጫማ አልነበረውም። የመሪጌታን አደረገ፤ ሰፋው።

በማግሥቱ ኖራው መጣ። ሁለት ጆንያ፣ ልክ እንደጻፍኸው። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምሁ።

ጥቅምት 24 ቀን ደግሞ ተመልሰው መጡ። ማረሚያህ ደርሷቸዋል። ጥጃዋ የት አለች አሉኝ። በከብት መዝገብ የለችም። ሁመራ ሄዳለች አልኋቸው።

ልረግምህ ሞክሬ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ። የመሪጌታ ሚስት ሆኜ ቃል አላጣሁም። ግን ወረቀቱን ባነበብሁት ቁጥር ከአንተ ቃል ይልቅ የእኔ ቃል ነው ሐሰት የሚሆንብኝ። በባለቤቷ ቃል አንድ አልህ፤ እኔ ነኝ አንድ ያልሁህ። ወረቀት ጻፍልኝ ያልሁህም እኔ ነኝ። ጨዉ ትክክል ነው። ሁለት ነበርን።

አትጻፍልኝ።

ፈንታነሽ


ሞጣ፣ ጥር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተወደዱ እትዬ ፈንታነሽ

አትጻፍ ብለውኛል። ይህን ግን ካልጻፍሁ ሌላ ሰው አይጽፍልዎም።

ጎንደር አብሮኝ የተማረ ድሬሰር ማሠልጠኛው ዘንድ ተመድቧል። የባዘዘውን መዝገብ አይቶ ገልብጦ ልኮልኛል። «ደረት፦ ጤነኛ። ለግዳጅ፦ ብቁ።» የሞላውን ሰው እንደማያውቀው ጻፈልኝ። በዚያን ቀን አራት መቶ ሰው ተመርምሯል፤ መርማሪው አንድ ነው። እትዬ፣ እንደ እኔ ቅጽ የሚሞላ ሰው አልገጠመውም። ለአንድ ጊዜ ሊገጥመው የሚገባው እዚያ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ሰሜን ተጭነዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱም አያውቅም። ለሦስት ሰዎች ጽፌያለሁ። የመለሰልኝ የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ቆርቆሮ ጨውና አንድ የሚሞላ ቅጽ ይደርስዎታል። ኖራ የተፈቀደለት ቤት ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እንዲመረመር መመሪያ አለ፤ መመሪያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ካልፈለጉ ጨዉን ወጥ ያድርጉበት። ብቻ ቆርቆሮውን ሲያዩ አንድ ሰው በየቀኑ እንደሚያስብዎ ይወቁ።

ቢሆነኝ


ቢቸና፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢሆነኝ

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ።

ሦስት ወር ሙሉ ቆርቆሮህን ከምድጃው በላይ ሰቅዬ አየሁት። በሕማማቱ ግን ጓዳውን ልጠርግ ገባሁና ልጄ የሚተኛበት ድረስ ተንበርክኬ ሄድሁ። ጉልበቴ እንጂ ሌላው ችሎኛል። ደርቦ የሚለብሰው ጋቢ እንደታጠፈ ነው። እራስጌው ላይ በከሰል የጻፈው ቁጥር አለ፤ ቀን ይቆጥር ኖሯል፤ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ቆሟል። ቆርቆሮውን ከፍቼ እዚያ አስቀመጥሁት። ስምንት ቀን ሲሞላው ከድኜ በሰም አሸግሁት፤ ይኸው ልኬልሃለሁ።

ኖራውን አልተቀባሁትም። ጆንያው እንደታሰረ ማድቤት ተቀምጧል። ሻጋታው በየካቲት ጠፋ፤ ጭቃው ብቻ ቀረ። ሸሚዙ ላይ አረንጓዴ ያደረገው ልጅም በመጋቢት ዙር ሄደ። እናቱ ባንቺዓለም ናት። ካልሲ ጠይቆ ጻፈላት፤ እኔ ሠርቼ ሰጠኋት።

ከባዘዘው ወረቀት የለም። ቅጹን አንተ እንዳትሳሳት እኔው ሞልቼዋለሁ።

እናትህ ፈንታነሽ


ሞጣ፣ ግንቦት 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተወደዱ እናቴ ለእትዬ ፈንታነሽ

ጤናዎን ያቆይልኝ። እንደገና ልጄ ብለው ጽፈውልኛል፤ ወደ ሥራው ልለፍ።

ቆርቆሮው ሰሙ ሳይሰነጠቅ ደርሷል። ይርጋነሽ ቅጹን ልትመታው ስትል ከለከልኋት፤ በእጄ ነው የገለበጥሁት። «በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት፣ በባለቤቷ ቃል» በሚለው ላይ 2 ብለው ሞልተዋል። አልሰረዝሁትም። እንዳለ አስፍሬዋለሁ። ግልባጭ ለማንም የለውም።

ጨዉን ዛሬ ጠዋት በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን መዘንሁት፤ ተጠራጥሬ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ሲላክ መቶ ግራም ነበር። ሲመለስም መቶ ግራም ነው።

ቢሆነኝ